ቤት ቁጥር ሰባት

ወንድሜ ምሕረቱ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ድንኳናችን ውስጥ ገባች። እናቴን አቅፋ አለቀሰች። ሰዎች ቦታ ለቀቁላትና ተቀመጠች፤ ውሃ ሰጧት ጠጣች። ከዚያ ዓይኗ ሰው ሲፈልግ ቆይቶ እኔ ላይ አረፈ።

«ወንድምየው አንተ ነህ?»

ነኝ አልኳት።

«እኔ ቤት ቁጥር አራት ነኝ» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። ያን ሰሞን ሰው የሚለኝ ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። ሐኪሙ ወንድሜን ምን እንደገደለው በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። ፊደሎቹን አነባቸዋለሁ። ግን ሰኞ «ትንሽ ብርድ ብርድ አለኝ» ብሎ ከሥራ የቀረ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሐሙስ እንዴት እንደሚሞት ወረቀቱ አይናገርም።

ሴትዮዋ እትዬ ታደለች ትባላለች። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ አሣ ትሸጣለች። ቤት ቁጥር አራት ያለችው ምሕረቱ በሣለው መንደር ውስጥ የእሷ የሆነውን ቦታ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመጣችበትን ነገረችኝ። የፊታችን ቅዳሜ አጎቴ ዱካሞ የመንደሩን ሰዎች ሁሉ ለመንደሩ በሰጡት መሬት ላይ ጠርተዋል። ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጋሽ ጌታቸው፣ ሥዕሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት እሳቸው ናቸው፤ ምሕረቱ የራሱን ቤት፣ ቁጥር ሰባትን፣ ከሥዕሉ ላይ ፍቆ አጥፍቶታል ይላሉ። ወሬው አጎቴ ጋ ደርሷል። አጎቴም፣ ጠንሳሹ የተወውን እኔ ሽማግሌው አልሸከምም፣ ትቶት ከነበረ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ ብለዋል።

«ሥዕሉ ቤታችሁ ነው ያለው» አለችኝ። «ለቅሶ ላይ መጠየቅ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ግን አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነን። ትቶን ነበር ወይስ አልተወንም? ቅዳሜ መጥተህ ንገረን።»

እኔ ምን አውቃለሁ? ወንድሙ ነኝ እንጂ መንደሩ ውስጥ የለሁበትም። ባጃጅ ነጂ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ወደ መንዳት ገባሁ። ምሕረቱ መሬቱን ና እይ ብሎ ብዙ ጊዜ ጠርቶኛል፤ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ዝናብ መጣ ብዬ ቶሎ ተመለስኩ። እንግዲህ ይህን የምጽፈው የማውቀውን ልናገር ብዬ ሳይሆን ጽፌው ምናልባት ቢገባኝ ብዬ ነው።

ምሕረቱ መንደር ይሠራ ነበር። ይሠራ ነበር ልበል ወይስ ይሥል ነበር፣ እሱን ራሱ አላውቅም።

የቀን ሥራው መናኸሪያ አካባቢ አንድ የግንባታ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ነበር። የሰው ቤት፣ የሰው ሆቴል፣ የሰው ፎቅ በኮምፒውተር ይሥላል። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ በሚባለው ሰፈራችን ሁሉም «ኢንጂነር» ይለው ነበር። እሱ ደግሞ ቆም ብሎ ያርማል። «ኢንጂነር አይደለሁም። መስመር አስማሪ ነኝ» ይላል። ባለሱቁ «ይሁን፣ መስመር አስማሪው ኢንጂነር» ብሎ ቀለደበትና ስሙ እንደዚያው ቀረ።

መንደሩን ግን በኮምፒውተር አይሥለውም። ከቢሮው የድሮ ዕቃ ውስጥ ማንም የማይፈልገውን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የስስ ወረቀት ጥቅል አግኝቶ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የምግብ ጠረጴዛውን ይይዘዋል። እናቴ ሳህን የምታስቀምጥበት አጥታ ትቆጣለች። በቀለም፣ በቀጭን ብዕር ነበር የሚሥለው። ሲሳሳት በምላጭ ይፍቃል። አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ ብትሠራው እኮ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ ለምን ትደክማለህ አልኩት።

«ኮምፒውተር ላይ የጠፋ ነገር እንዳልነበረ ይሆናል» አለኝ። «እዚህ ግን የሳትኩት ይታየኛል።»

ከዚያ ያልጠየቅሁትን አስተማረኝ። ቀለም በላጲስ አይጠፋም፣ በምላጭ ይፋቃል። የተፋቀ ቦታ ይሻክራል፤ እዚያ ላይ መልሰህ ብትጽፍ ቀለሙ እንደ ሣር ሥር ወደየአቅጣጫው ይሮጣል። ስለዚህ በጥፍር ይታሻል፣ እስኪለሰልስ። ለዚህ ብሎ የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር አይቆርጥም ነበር። እናቴ «የሴት ጥፍር» ትለው ነበር። ስንገንዘው ያችን ጥፍር አየኋት። ከሥሯ ትንሽ ቀለም ነበረባት። አጥቤ ላስለቅቀው ሞከርኩ፣ አልለቅ አለኝ፣ ተውኩት።

የመንደሩ ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሐዋሳ ወደ ምሥራቅ ዳገቱን ሲወጡ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ዱካሞ፣ ጦም ያሳደሩት ሰፊ መሬት አለ። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፣ እሳቸው ሸምግለዋል። ምሕረቱ ሄዶ አሳመናቸውና መሬቱን ለማኅበር ሰጡ፤ እሳቸው ቤት ቁጥር አንድ ሆኑ። አሥራ ሁለት ቤት በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይሠራል። የየጣሪያው ዝናብ በቦይ ወርዶ አንድ ትልቅ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ከብቶቹ የጋራ ናቸው፤ ከእበታቸው ጋዝ ይወጣል፣ በጋዙ ይበሰላል፣ የተረፈው እንሰቱ ሥር ይገባል። አትክልቱ፣ ዶሮው፣ ወፍጮው፣ ሁሉም እዚያው ነው። «ቆሻሻ የሚወጣበት በርም፣ ልመና የሚገባበት በርም አይኖረውም» ይል ነበር። ይህን አባባሉን እኔም እናቴም በቃላችን ይዘነዋል።

ምግብ ላይ ያስቸግራል። ሳህኑን እያየ ይቆጥራል። ሽንኩርቱ ከዝዋይ፣ ጤፉ ከጎጃም፣ ዘይቱ ባሕር ተሻግሮ። «ከዚህ ሁሉ የሐዋሳ የሆነው ውሃውና እኛ ብቻ ነን» ይላል።

እናቴ «ብላ፤ የሩቅ እንግዳ አይናቅም» ትለዋለች።

እትዬ ታደለችን ያገኘው በአሣ ሆድ ዕቃ ምክንያት ነው። እኔ ይህን ታሪክ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። በእኔ በኩል ያለው፣ አንድ ጊዜ ለአንድ ወር ያህል በሳምንት ሁለት ቀን ባጃጄን ተከራይቶ ጆንያ ያስጭነኝ ነበር። ጆንያው ውስጥ አሞራ ገደል የሚጣለው የአሣ አንጀትና ጭንቅላት ነው። ለመሬቱ ማዳበሪያ ነው አለኝ። ሽታው ከወንበሩ አልለቀቀም። አንዲት ተሳፋሪ ገና አንድ እግሯን እንዳስገባች አውጥታ «እዚህ ውስጥ ማን ሞቷል?» አለችኝ። እኔ አፍንጫዬን ሸፍኜ ሐይቁ ዳር ቁጭ እላለሁ፤ እሱ ጆንያውን እየጎተተ ይመጣል፤ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ረጃጅም እግራቸውን እያነሱ ይከተሉታል። ከማን እንደሚቀበል ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም።

ሌላውን ግማሽ ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ታደለች ነገረችኝ። መጀመሪያ እብድ መስሏት ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አንጀት ሲለቅም። የአባ ኮዳ ምሳ ትቀማለህ እንዴ አለችው። ስለ መንደሩ ነገራት። አሣ አለበት ወይ ብላ ጠየቀችው፤ የለም አላት። «እንግዲያው እኔ እዚያ ምን ልሠራ?» አለችው።

«አላውቅም» አላት። «ሄደን እንየው።»

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ በዚያው ተከትላው ሄደች። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ወንዶች አውቃለሁ ሲሉኝ ነው የኖርኩት፣ አላውቅም ያለኝ እሱ ነው አለች። አሁን ሐይቅ የሌለበት አገር ላይ አሣ የሚረባበት ትንሽ ኩሬ ሥዕሉ ላይ አለ። ከቁጥር አራት ጀርባ።

ይህ የምሕረቱ ዋና ቃል ነበር። «አላውቅም፤ ሄደን እንየው።» እኔን ያናድደኛል። ትልቅ ወንድም ማወቅ አለበት ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ነገር ደግሞ የአጎቴ ሚስት በቀብሩ ቀን ነገረችኝ። እያለቀሰች ጀምራ እየሳቀች ጨረሰችው። ምሕረቱ መጀመሪያ እንሰቱን ሁሉ ሰብስቦ ከአዳራሹ ኋላ አንድ ማሳ ላይ አድርጎት ነበር። የአገሩ ሴቶች ሥዕሉን አይተው ሳቁ። እንሰት ከጓሮ ርቆ ማን ሊያየው ነው? እበቱን ማን ተሸክሞ ሊያደርሰው ነው? ከዚያም ይባስ ብሎ እንሰት በሚፍቁበት ቦታ መሐል ለመሐል የእግር መንገድ አሳልፎበታል። እዚያ ሴቶቹ ሲሠሩ ወንድ አይቆምም፣ አያልፍምም። ሲዳማ ሆኖ ይህን አለማወቁ፣ የከተማ ልጅ ነዋ። አፈረ። እንደ ልማዱ ሄደን እንየው እንዳይል፣ ማየት አይፈቀድለትም። ትንሽ አሰበና አንድ እቅፍ ችካል ሰጣቸው። «የማላየውን ቦታ እኔ አልሥለውም። እናንተ ትከሉልኝ» አላቸው። ሴቶቹ ብቻቸውን ገብተው በየቤቱ ጓሮ ችካሉን ተከሉ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ገብቶ የተተከለውን ለካና ሣለ። ሥዕሉ ላይ ከሌላው ሁሉ የተጣመመው መስመር ይኸው የሴቶቹ ነው። አላስተካከለውም።

አሁን ወደ ተፋቀው ቤት ልምጣ። ቅደም ተከተሉ ይምታታብኛል፤ ምክንያቱም ይህን የነገሩኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ሦስቱም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። አንድ የሚሆኑበትን ልጻፍ።

የዛሬ ስድስት ወር ገደማ ነው። ሥዕሉ አልቋል ተብሎ ሁሉም መሬቱ ላይ ተሰብስበዋል። ወረቀቱ በአጎቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተወጥሯል። አጎቴ ማንበብ ስለማይችሉ ምሕረቱ በጣቱ እያሳየ ያስረዳቸዋል። ውሃው እዚህ፣ ከብቱ እዚህ፣ ወፍጮው እዚህ፣ ልጆች የሚማሩበት እዚህ። አጎቴ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «እኛስ የት ነን?» አሉ።

ምሕረቱ ቁጥር አንድን አሳያቸው።

«እሱን አይደለም» አሉ። «ስንሞት።»

እትዬ ታደለች የምሕረቱ ጆሮ ቀላ ትላለች፤ ጋሽ ጌታቸው ሳቀ ይላሉ። ሁሉን አስቦ ነበር። የጥርስ ብሩሽ የታጠበበት ውሃ የት እንደሚሄድ አስቧል። መቃብር አልሣለም።

«ሁሉን ከራሴ እችላለሁ ብለህ ሙታንህን ለሰው ልትሰጥ ነው?» አሉት አጎቴ።

«አላውቅም» አለ። «ሄደን እንየው።»

ሄደው አዩ። ታችኛው ጥግ ምንጩ አጠገብ ነው፤ እዚያ አይቀበርም። ላይኛው ዓለት ነው። የሚሆነው ለስላሳ መሬት ቤቶቹ የተደለደሉበት ብቻ ነው። ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ይቆረስ ተባለ። ያኔ ሁሉም መቃብር እንደማያስፈልገው ታወሰው። ጋሽ ጌታቸው እኔ የምቀበረው ወላጆቼ ባሉበት ቤተ ክርስቲያን ነው አሉ። እትዬ ታደለች ሦስት እድር አለኝ፣ አንዱንም ጥዬ አልመጣም፣ ብሞት ወደ ከተማ ውሰዱኝ አለች። ሌሎቹም እንደዚሁ። በሕይወት ለመኖር እዚህ፣ ለመሞት ከተማ።

ምሕረቱ ያን ቀን አንድ ነገር ብሎ ወረቀቱን ጠቀለለ። ሦስቱም እኩል የሚያስታውሱት ይህን ነው። «እንግዲያው መንደር አይደለም። ማደሪያ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁኔታ ተለወጠ። እኔም አይቻለሁ። ይሥላል፣ ይፍቃል። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ። ሰዎቹ ስልክ ይደውላሉ፤ «ትንሽ ይቀረኛል» ይላቸዋል። ከመታመሙ ሁለት እሑድ በፊት እኔ ሸሚዜን እየቆለፍኩ ስወጣ እሱ በምላጭ እየፋቀ ነበር። ቀና አላለም። እኔም «ይህ መንደር ሰው የሚገባበት መቼ ነው? ወይስ ወረቀቱ ላይ እናርጅ?» አልኩት። ለቀልድ ነበር። ለቀልድ ይመስለኛል። ሳቅ አለና ሻይ አምጣልኝ አለኝ። ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ጠረጴዛው በሩ አጠገብ ነው። ጎንበስ ብል ኖሮ የሚፍቀውን አየው ነበር።

ሻዩን እንኳ አላመጣሁለትም።

እትዬ ታደለች በሄደች ማግስት ጥቅሉን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። በመስኮቱ ላይ ዘረጋሁት፤ እሱ እንደዚያ ነበር የሚያየው። እያንዳንዱ ቤት ቁጥርና ስም አለው። ስድስት አለ፣ ስምንት አለ። በመካከላቸው ያለው ባዶ ነው። ወረቀቱ እዚያ ላይ ሳስቷል፣ ብርሃኑ ከሌላው ይልቅ በዚያ በኩል ይገባል። ጋሽ ጌታቸው እውነታቸውን ነው። ጣቴን ላሳርፍበት አልደፈርኩም። መልሼ ጠቀለልኩት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የምሕረቱ ስልክ ጠራ። ከአርባ ምንጭ ነው፣ አንድ ቢሮ። ሥራ ሰጥተነው ነበር፣ መቼ ነው የሚመጣው አሉ። መሞቱን ነገርኳቸው። ሰውየው አዘነ። እመጣለሁ ብሏችሁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አስብበታለሁ ነው ያለን» አለኝ። እናቴን ስለ አርባ ምንጭ ብጠይቃት አታውቅም። አስብበታለሁ። ያሰበበት ምን ነበር? ቤቱን የፋቀው ሊሄድ ነው? ወይስ ማንም አልሰጥ ያለውን የመቃብር መሬት ከራሱ ሊሰጥ ነው? ሊሰጥስ ከነበረ ለምን ለአንድ ሰው አልተናገረም? ሊሄድስ ከነበረ ለምን ስምንትን ሰባት፣ ዘጠኝን ስምንት ብሎ አላስተካከለም? አንዱን ሳምን ሌላው ይመጣል። ቅዳሜ እስኪደርስ አራት ቀን እንዲህ ሆንኩ።

ቅዳሜ እትዬ ታደለችንና ጋሽ ጌታቸውን በባጃጄ ይዤ ወጣሁ። ጥቅሉን ጋሽ ጌታቸው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ዳገቱ ላይ ባጃጇ ስታቃስት እትዬ ታደለች «ጋሼ፣ እርስዎ ወርደው ቢገፉ ይሻላል፣ ወሬዎ ከባድ ነው» አለቻቸው።

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አሉ ጋሽ ጌታቸው።

«ያዩትን ለእኔ ብቻ ቢናገሩ ምን ነበረበት?»

«ለአንቺ ከነገርኩ ለሁሉም ነገርኩ ማለት ነው።»

እኔ አልሳቅሁም። የምመልሰውን እየፈለግሁ ነበር።

ከአሥራ ሁለቱ ቤት ዘጠኙ መጥተዋል። አጎቴ ከግራር ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሡ፤ እሳቸው ለእኔ መነሣታቸው ግራ አጋባኝ። አቀፉኝ። ሥዕሉን ሣሩ ላይ ዘረጋነው፣ በአራት ድንጋይ ያዝነው።

«ልጄ» አሉ አጎቴ፤ «ለቅሶ ላይ እያለህ ስላስቸገርንህ ይቅር በለን። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። ትቶን ነበር ወይስ አልተወንም?»

ሁሉም እኔን ያያሉ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ነበረኝ። አልተዋችሁም፣ መሬቱን ለእናንተ ሰጥቶ ነው እላለሁ ብዬ ነበር። የሞተ ወንድሜን ስም ለማስከበር ያን ማለት ቀላል ነው። ግን እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። በሞተ ሰው ስም የማላውቀውን ልናገር ማን ነኝ?

«አላውቅም» አልኩ።

ጋሽ ጌታቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ያሉት ስለተረጋገጠ ደስ ያላቸው አይመስሉም። አጎቴ ወደ መሬቱ አዩ። ባሕር ዛፉን ሲያስቡ ይመስለኛል። ያኔ ቀሪው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ሄደን እንየው።»

እትዬ ታደለች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሄድን። ቁጥር ሰባት ያለው ኩሬው ከሚቆፈርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። የሌሎቹ ቤቶች ችካል እንደተተከለ ነው። የሰባት ግን ተነቅሏል። አራት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ችካሎቹ አንድ ላይ በሲባጎ ታስረው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ይህም ምንም አይልም። የሚሄድም ሰው ይነቅላል፣ የሚሰጥም ሰው ይነቅላል። አንዱ ሰውዬ፣ ቤት ቁጥር አሥራ አንድ፣ በቃ ግልጽ ነው፣ ነቅሏል፣ እንበተን አለ። ሌላው ለምን ታስሮ ተቀመጠ፣ የተወው ቢሆን ይጥለው ነበር አለ። ተጨቃጨቁ። እኔ ጭቅጭቁን እየሰማሁ ቀዳዳዎቹን አያለሁ። አንዱ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል።

ስንመለስ አጎቴ ሥዕሉ አጠገብ ተንበረከኩ። «የቱ ጋ ነው የፋቀው?» አሉ። እጃቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ፊደል ባያውቁም በእጅ የሚነካ ነገር ያውቃሉ፤ አፈርም ከብትም በአውራ ጣታቸው ነው የሚያዩት። አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«የታለ?» አሉ።

«እዚያው ነው፣ አጎቴ። የተፋቀ ቦታ ይሻክራል።»

«አይሻክርም።»

ቦታውን የሳቱት መስሎኝ ጣታቸውን መልሼ አስቀመጥኩት። አሹት፤ ዙሪያውንም አሹት። «ከሌላው ይልቅ ይለሰልሳል እንጂ» አሉ።

እኔም ጣቴን አሳረፍኩ። ለስላሳ ነበር። እንደ አሣ ሆድ። ያች ጥፍር ትዝ አለችኝ፤ ከሥሯ ያልለቀቀው ቀለም። እንዴት ብዬ እንደነገርኳቸው አላስታውስም። ተንተባተብኩ መሰለኝ። የተፋቀ ነገር የሚታሸው መልሰው የሚጽፉበት ሲሆን ነው። ለማጥፋት ብቻ ቢሆን ማንም በጥፍሩ አይደክምም። እዚህ ላይ ሊጽፍ ነበር። ምን እንደሆነ አላውቅም። ግን ሊጽፍ ነበር።

አጎቴ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ጥሎ የሚሄድ ሰው ቤት ጠርጎ አይወጣም» አሉ።

«ጨዋ ሰው ጠርጎ ይወጣል» አሉ ጋሽ ጌታቸው፣ ቀስ ብለው።

ልክ ናቸው። ወንድሜ ጨዋ ነበር። እንደገና ግራ ገባኝ። የሚያሳዝነው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው፤ ዳኛ የሚሆነን አንድ እሱ ነበር።

እትዬ ታደለች ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለች። ቁጥር አራት ላይ ጣቷን አደረገች። «እኔ መቼም ሦስቱንም እድሬን አልተውም» አለች። «ግን ከእኔ ጓሮ አንድ ሜትር ውሰዱ። በኩሬው በኩል አይደለም፣ በወዲያ በኩል። ምሕረቱ የፋቀው ለሙታን ከሆነ ብቻውን አይስጥ። ሊሄድ ከሆነም ይሂድ፤ ሜትሬን አልመልስም።»

አጎቴ ሁለት ሜትር አሉ። አንዲት ሌላ ሴትዮ አንድ አለች። ቁጥር አሥራ አንድ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ መንገዱ ወረደ፤ አንድ ሌላም ተከተለው። ጋሽ ጌታቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የኔ አጥንት እዚህ እንደማያርፍ ይታወቅልኝ አሉ። ከዚያ «አንድ ሜትር ከእኔም» አሉ። «ለጎረቤት።»

አጎቴ ባሕር ዛፍ የሚለውን ቃል ደግመው አላነሡትም። ወንድሜ ከከተማው መቃብር ወደዚህ ይምጣ አይምጣ የሚለውንም ማንም አላነሣውም። እናቴን ማን ሊጠይቃት?

የቀረው ሥዕሉን ማስተካከል ነው ተባለ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ኮፒ መነሣት አለበት፤ ባዶውን ማሳየት አይቻልም። የምሕረቱን ብዕር በኪሴ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ጋሽ ጌታቸው የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው፣ ላግዝህ አሉኝ፤ እትዬ ታደለች «ይተዉት» አለቻቸው።

«ምን ልጻፍ?» አልኩ።

«መካነ መቃብር ነዋ» አሉ ጋሽ ጌታቸው።

«አይሆንም፣ ልጆች ያዩታል» አለች እትዬ ታደለች።

አጎቴ ከድንጋዮቹ አንዱን በእግራቸው ያዝ አድርገው ወረቀቱን ነፋስ እንዳይነካው ቆሙ።

ተንበረከክሁ። ከላዩ ስድስት፣ ከታቹ ስምንት። በየቤቱ ቁጥሩ፣ ከሥሩ የባለቤቱ ስም፤ «4 ታደለች»፣ «9 ጌታቸው»፣ በእሱ እጅ፣ ትንንሽና ቀጥ ያሉ ፊደሎች። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ምሕረቱ ብዬ ጻፍኩ። የቤት ባለቤት ስም ይሁን መቃብር ላይ የሚጻፍ ስም፣ እኔ ስጽፈው አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።

ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ። ቀለሙ አልሮጠም።